ኮሶ፤ ዘመድ እንጂ ወንድም የሌለው ዛፍ

ከመካከላችን የኮሶን ስም ሳይሰማ ያደገ ተማሪ ያለ አይመስለንም። አንድ ነገር ሲመረን «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ቃል በአማርኛችን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ይገኛል። አንደኛ፣ በደጋው አገራችን የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ሁለተኛ፣ ከዚያ ዛፍ አበባ የሚዘጋጅ መራራ መድኃኒት ነው፤ ሦስተኛ ደግሞ መድኃኒቱ ከሰው አንጀት የሚያስወጣው ትል ነው። ሰው «ኮሶ ታየብኝ» ሲል ትሉን፣ «ኮሶ ጠጣሁ» ሲል መድኃኒቱን፣ «ኮሶ ተቆረጠ» ሲል ዛፉን መናገሩ ነው። ትሉንና መድኃኒቱን ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ጨዋታ እናውቃቸዋለን። ዛፉን ግን የእጽዋት ትምህርት የምንከታተለው ተማሪዎች እንኳ ጫካ ውስጥ ብናገኘው ለይተን ለመናገር የምንቸገር ብዙዎች ነን።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዛፉን ነው። ለምን ቢባል፣ ኮሶ በእጽዋት ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ ጠባይ ካላቸው ወገኖች አንዱ ስለ ሆነ ነው። ከዚህም በላይ የዛፉን ጠባይ በሚገባ ያላወቀ ሰው «እጠብቀዋለሁ» ብሎ ቢነሣ እንኳ ሊጠብቀው እንደማይችል ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

1ኛ፤ ወገኑና ዝምድናው

የእጽዋት ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ተክል በላቲን ቋንቋ ሁለት ስም ይሰጡታል። የፊተኛው የወገኑ ስም ነው፤ የኋለኛው የዝርያው መለያ ነው። በአንድ ወገን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዝርያዎች ይገኛሉ። ለምሳሌ ያህል ዋርካና ሾላ ለዓይን ሁለት የተለያዩ ዛፎች ቢሆኑም ሊቃውንቱ «ፊከስ» በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ያስገቧቸዋል፤ በዚህም ወገን ውስጥ በዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዝርያ ቢጠፋ ጉዳቱ ቀላል ባይሆንም ወገኑ ራሱ ይቀራል።

የኮሶ ሳይንሳዊ ስም «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ነው። «ሀጌኒያ» በሚባለው ወገን ውስጥ ግን ከዚህ ከአንድ ዝርያ በቀር በዓለም ላይ ሌላ የለም። ወገኑ በሙሉ ኮሶ ነው፤ ኮሶም ወገኑ በሙሉ ነው። ስለዚህ ኮሶ ጠፋ ማለት አንድ ዝርያ ጠፋ ማለት ብቻ ሳይሆን አንድ ወገን በሞላው ከምድር ላይ ተነቀለ ማለት ነው። አንባቢው ይህን ነጥብ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ወንድም ባይኖረውም ግን ዘመድ አለው። ኮሶ የሚመደበው በጽጌ ረዳ ቤተ ሰብ ውስጥ ነው። ይህ ሰፊ ቤተ ሰብ በየአጥሩና በየገደሉ የምናየውን ቀጋን፣ እንጆሪን፣ በደጋ ደን የሚበቅለውን ጥቁር እንጨትን፣ ደግሞም ኮክንና ፖምን የሚያጠቃልል ነው። ያን የሚያህል መራራ ዛፍ ያን ከመሰሉ ጣፋጭ ፍሬዎች ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው ሲባል ሊያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን ዝምድና በእጽዋት ዘንድ በአበባው፣ በቅጠሉና በዘሩ አሠራር እንጂ በጣዕም አይለካም።

ከቤተ ሰቡም ውስጥ ለኮሶ ይበልጥ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው «አግሪሞኒያ» የሚባል ቢጫ አበባ ያለው አጭር ሣር መሰል ተክል ነው፤ በአውሮፓ ሜዳና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ሁለተኛው በደቡብ አፍሪካ ተራሮች የሚገኘው «ሌውኮሲዲያ» የሚባል ቁጥቋጦ ነው፤ እርሱም እንደ ኮሶ በወገኑ ውስጥ ብቻውን የቀረ ነው። አንድ ታላቅ የደጋ ዛፍ ከአንድ አጭር ተክል ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ሊቃውንቱ አስቀድመው በቅጠሉ ላይ ተመልክተውት ነበር። ኋላም በዘመናችን የተደረገው የዘር ውርስ ምርመራ ይህንኑ አጽንቶታል። የቅጠሉን ነገር ወደ ታች እናየዋለን።

2ኛ፤ የዛፉ መልክና የሚኖርበት አገር

ኮሶ እስከ 20 ሜትር ድረስ ሊያድግ ይችላል። ግንዱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ቅርንጫፎቹ ወፋፍራምና ጠማማ ሆነው ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ልጡ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን እየተላጠ የሚወድቅ ነው። በለጋ ቅርንጫፎቹ ላይ የወደቁት ቅጠሎች የተዉት ምልክት እንደ ቀለበት ሆኖ ዙሪያውን ይታያል፤ ይህ ለማያውቀው ሰው ጥሩ መለያ ነው።

ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ይወጣሉ። አንዱ ቅጠል እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም፣ በግራና በቀኝ የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተሳለ ብዙ ትንንሽ ቅጠሎች አሉት። በታች በኩል ሲገለበጥ ብርማ ጠጉር ይታይበታል። አሁን ከላይ የተውነውን ነገር እናንሣ። በሁለት ትልልቅ ቅጠሎች መካከል እጅግ ትንሽ የሆነ ሌላ ቅጠል ይገባል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ እየሆነ ይሄዳል። ይህ እንግዳ አደራደር በአግሪሞኒያም በሌውኮሲዲያም ላይ ይታያል። ቁመታቸው ቢለያይም ቅጠላቸው ዝምድናቸውን ይመሰክራል ማለት ነው።

ኮሶ የብርድ አገር ዛፍ ነው። በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,400 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ይገኛል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ዋንዛን ከታች ትቶ፣ ዝግባንና ጽድን አልፎ፣ ደኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ከኮሶ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በላይ አስታ ይቀጥላል፤ ከአስታም በላይ ጅብራ የቆመበት ብርዳም ሜዳ ነው። ኮሶ ወደ ላይኛው ወሰኑ በተጠጋ መጠን ቁመቱ እያጠረ፣ ግንዱ እየተጣመመ ይሄዳል፤ በዚያ ስፍራ ያየው ሰው ቁጥቋጦ ነው ቢል አይፈረድበትም።

አገሩም ኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ተከትሎ እስከ ማላዊና እስከ ዛምቢያ ይደርሳል። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ባሉት የቪሩንጋ ተራሮች ኮሶና አሜጃ አንድ ላይ የደን ክልል ሠርተው ይገኛሉ፤ የተራራው ጎሪላዎች የሚኖሩትም በዚያ ነው። በአገራችን ደግሞ ዛፉን በሰላም ቆሞ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ በዲንሾ ያለውን ደን ይመልከት። በኮሶና በጽድ ሥር የደጋ አጋዘን ሲሰማራ ያያል። በዚያ አገር በኦሮምኛ ስሙ «ሄጦ» ነው።

3ኛ፤ ወንዴውና ሴቴው

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የኮሶን ጠባይ ለመረዳት ዋናው ቁልፍ ነው። አብዛኞቹ የምናውቃቸው አበቦች በአንድ አበባ ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም ክፍል ይይዛሉ። ኮሶ ግን እንደዚህ አይደለም። ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴው ዛፍ ለብቻው ነው። በወንዴው ላይ ዘር አይገኝም፤ በሴቴውም ላይ ብናኝ አይገኝም።

አበባው በአብዛኛው በበጋው ወራት ይወጣል። ትንንሾቹ አበቦች ብዙ ሆነው በአንድ ታላቅ ዘለላ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ዘለላው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ከቅርንጫፉም ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከሩቅ የሚታየውን ቀለም የሚሰጠው እንደ ጽጌ ረዳ ያለ ሰፊ የአበባ ቅጠል አይደለም። ያ ዓይነቱ ቅጠል በኮሶ ላይ ከማነሱ የተነሣ የለም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ቀለሙን የሚሰጡት እንቡጡን ከውጭ የሚሸፍኑት ቅጠሎች ናቸው።

የወንዴው ዘለላ ነጣ ብሎ ወደ ብርቱካን ቀለም ያደላል፤ በእያንዳንዱም አበባ ውስጥ ብናኝ የሚሸከሙ ሃያ ያህል ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። የሴቴው ዘለላ ቀይ ወይም ሮዝ ነው፤ የውጭኞቹ ሽፋን ቅጠሎች ሰፋፊዎች ናቸው፤ በመካከሉም ብናኙን ለመቀበል እንደ ብሩሽ የተሠራ ጫፍ ይታያል። ስለዚህ አበባው በወጣ ጊዜ ዛፉ ሥር ሳይደርሱ ከሩቅ በቀለሙ ብቻ ወንዴውን ከሴቴው መለየት ይቻላል። አበባ በሌለበት ጊዜ ግን በግንዱም በቅጠሉም መለየት አይቻልም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ለተመራማሪ ተማሪ እናክልለት። የሴቴውን አበባ በመርፌ ከፍተን በማጉያ መነጽር ብንመለከት ብናኝ የማይሰጡ የመከኑ ዘንጎች እናገኛለን። በወንዴውም አበባ ውስጥ ዘር የማይዝ የመከነ የሴቴ ክፍል ይገኛል። የማይሠራ ዕቃ በቤት ውስጥ ለምን ይቀመጣል? ቀድሞ ይሠራ ስለ ነበር ነው። የአግሪሞኒያና የሌውኮሲዲያ አበባ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ክፍል አንድ ላይ ይዞ መገኘቱን ስናስብ፣ የኮሶም የጥንት አባት እንደዚያው እንደ ነበረና በዘመናት ብዛት ወንዴውና ሴቴው እንደ ተለያዩ እንረዳለን።

ብናኙን ከወንዴው ወደ ሴቴው የሚያደርሰው በይበልጥ ነፋስ እንደ ሆነ የአበባው አሠራር ያመለክታል። የተንጠለጠለው ዘለላ፣ የጠፋው የአበባ ቅጠልና እንደ ብሩሽ የሆነው ጫፍ ሁሉ የነፋስ ተክል ምልክት ናቸው። ንቦችም ወደ አበባው ይመጣሉ፤ በኮሶ አበባ ወራት የተቆረጠ ማር ትሉን እንደሚያስወጣ በብዙ ቦታ ይነገራል። ከነፋሱ ጋር የበረረው ብናኝ ከፊሉ ሐይቅ ውስጥ ይወድቅና በጭቃው ውስጥ ሳይበሰብስ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ሊቃውንት ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ሐይቆች ይህን ጭቃ እየቆፈሩ በማውጣት፣ የኮሶን ብናኝ ከሌሎቹ ለይተው በመቁጠር፣ የጥንቱን ዘመን ብርድና ሙቀት፣ ዝናብና ድርቅ ለማወቅ ይጠቀሙበታል።

ሴቴው ዘር ከያዘ በኋላ ቀዩ ሽፋን አይረግፍም። እየደረቀ እንደ ስስ ወረቀት ይሆንና በውስጡ አንዲት እጅግ ትንሽ ዘር ይዞ ይቀራል። ኋላም ነፋስ ሲመጣ ለዘሩ ክንፍ ይሆነዋል። እንግዲህ ኮሶ በመጋባቱም በመዝራቱም የነፋስ ጥገኛ ነው።

4ኛ፤ የስሙ ታሪክ

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደርሶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገራችን ተቀምጦ ነበር። በ1790 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶን በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ስሙንም በእንግሊዛዊው የእጽዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ነገር ግን «ባንክሲያ» የሚለው ስም ከዚያ በፊት በ1782 ለአንድ የአውስትራልያ ወገን ተሰጥቶ ነበር። በእጽዋት ሕግ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት ወገን ሊሆን አይችልም፤ የቀደመው ይጸናል፤ የኋለኛው ይወድቃል።

ስለዚህ በ1791 ዮሐን ፍሪድሪክ ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ «ሀጌኒያ» ብሎ እንደ ገና ሰየመው። ስሙ የተወሰደው በኬኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና የእጽዋት መምህር ከነበረው ከካርል ጎትፍሪድ ሀገን ነው። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ የኮሶን መድኃኒትነት ተረድቶ አበባውን ወደ ፓሪስ ወሰደ። በዚያም ኩንት የተባለው የእጽዋት ሊቅ ቀድሞ የተሰየመ መሆኑን ሳያውቅ በሐኪሙ ስም «ብራየራ» አለው። ብዙ የቆዩ የመድኃኒት መጻሕፍት በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ዛሬ ግን የጸናው የግሜሊን ስም ነው።

አንድ የአገራችን ዛፍ በአንድ እንግሊዛዊ፣ በአንድ ጀርመናዊና በአንድ ፈረንሳዊ ስም ተራ በተራ መጠራቱን እንመልከት። ከሦስቱ አንዱም ኮሶ ሲበቅል ያየ ስለ መሆኑ በታሪኩ ውስጥ አልተነገረም። ይሁን እንጂ የአገሩ ስም ፈጽሞ አልጠፋም። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከአበባው ውስጥ ያወጧቸውን ቅመሞች «ኮሲን»ና «ኮሶቶክሲን» ብለው ስለ ሰየሟቸው፣ አማርኛው ቃል በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ይኖራል።

5ኛ፤ መድኃኒቱ

የኮሶ ትል በሳይንስ «ቴኒያ ሳጂናታ» ይባላል። በሰው አንጀት ውስጥ በአራት መጣበቂያዎች ተጣብቆ ይኖራል፤ ርዝመቱም ብዙ ሜትር ይሆናል። ከሰውነቱ እየተቆረጡ የሚወጡት ክፍሎች እንቁላል ተሸክመው በሣር ላይ ይወድቃሉ፤ ከብት ሣሩን ሲበላ እንቁላሉ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላው ትሉ እንደ ገና ያድጋል። ቁርጥና ክትፎ በሚወደድበት አገር ኮሶ መጠጣት በየጊዜው የሚደገም የቤት ሥርዓት ሆኖ መኖሩ እንግዲህ አያስደንቅም።

ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ቀይ አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የወንዴው አበባ ኃይለኛ ማስታወክ ያመጣል ስለሚባል ይተዋል። በአበባው ውስጥ ያሉት ኮሲንና ኮሶቶክሲን የትሉን ጡንቻ ያደክሙታል፤ ከአንጀቱም ግድግዳ ይለቀቃል። የሚገርመው ነገር እነዚህ ቅመሞች አውሮፓውያን ለዚሁ ለትል ይጠቀሙበት በነበረው የፈርን ሥር ውስጥ ከሚገኙት ጋር የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። በእጽዋት ትውልድ እጅግ የተራራቁ ሁለት ተክሎች ለአንድ በሽታ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ተገኙ። በአገራችንም እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞ ለዚሁ አገልግሎት ይውሉ ነበር፤ ዋናው ግን ኮሶ ነበረ።

ኮሶ መሸጥ በአብዛኛው የድሃ ሴቶች ሥራ ነበር፤ በዚህም የተነሣ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በጎንደር ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን እንዳሳደጉ፣ ጠላቶቻቸውም ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። እንደዚሁ የተሳደበ አንድ ደጃዝማች በጦርነት ተማርኮ በቀረበ ጊዜ፣ ቴዎድሮስ «እናቴ ያልሸጠችው ኮሶ ተርፏል» ብለው ኮሶ አስጠጡት ይባላል። እኛ ግን በዚህ ስድብ ውስጥ ሌላ ነገር እናያለን። ወንዴውን ከሴቴው የሚለዩት፣ የአበባውን መልቀሚያ ወቅት የሚያውቁት፣ አበባው ሲያረጅ ኃይሉ እንደሚደክም የሚረዱት እነዚያ ሻጮች ነበሩ። የዛፉን ጠባይ የያዘ እውቀት በእነርሱ ዘንድ ነበር።

ይህን ስንል ሰው ወደ ኮሶ መጠጣት ይመለስ ማለታችን አይደለም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ ነው። የዓይን ነርቭ ተጎድቶባቸው የማየት ኃይላቸው የደከመ ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት መዝግበዋል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ኒክሎሳማይድ፣ ከ1970ዎቹም ወዲህ ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች ተገኝተው ሕዝቡን ከዚያ መራራ ጽዋ አድነውታል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ይፈለግ የነበረው አበባ ከገበያ ሲቀንስ፣ ሴቴውን ዛፍ ለአበባው ብሎ የሚጠብቀውም ሰው አብሮ እንደሚቀንስ አለመገመት አይቻልም። የዛፉ ዋጋ በአበባው መሆኑ ሲቀር በእንጨቱ ይሆናል። ቀይ እንጨቱ ደግሞ ለቤት ዕቃ የሚወደድ ነው። አበባው በየዓመቱ ይለቀማል፤ እንጨቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

6ኛ፤ መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው?

መንግሥት የዛፉን መቀነስ አስተውሎ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር። ከዚያም በኋላ ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተዋል። ምሳርን መከልከል አስፈላጊ መሆኑን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ለኮሶ ብቻውን በቂ አለመሆኑን የዛፉ ጠባይ ያስረዳናል። ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው ምክንያት ብርሃን ነው። የኮሶ ችግኝ በጥላ ሥር አያድግም። በኬንያ ተራራ ላይ ያጠኑ ሊቃውንት በ1997 እንዳስታወቁት፣ ባረጀ የኮሶ ደን ሥር የኮሶ ችግኝ አይገኝም። በእድሜ እኩያ የሆኑ ዛፎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገኙት ቀድሞ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቦታውን ገልጦት ስለ ነበር ነው። እናት በልጇ ላይ ጥላ ትሆናለች፤ ልጅም በእናቱ ሥር አያድግም። ደን ይቃጠል ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ቦታ ቢገለጥ እንኳ ከብት ቀድሞ ይሰማራበታል፤ ችግኙም ይበላል፣ ይረገጣል። ስለዚህ ዛፎቹ ሁሉ ቆመው ሳሉ፣ አንድም ምሳር ሳይነካቸው፣ ተተኪ አጥተው እያረጁ ሊያልቁ ይችላሉ። ደኑን ከሩቅ ያየ ሰው ደኅና ነው ይላል፤ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ችግኝ የፈለገ ግን እውነቱን ያገኛል። ለኮሶ የሚያስፈልገው እንግዲህ ከደኑ ዳር ብርሃን የሚያገኝ፣ ለጥቂት ዓመታትም ከከብት የታጠረ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወንዴና ሴቴ መለያየታቸው ነው። ችግኝ ስንተክል የትኛው ወንዴ፣ የትኛው ሴቴ እንደሚሆን አናውቅም። ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው ብለን እናስብና በሒሳብ እንመልከተው። ሁለት ችግኝ ብቻ ብንተክል ሁለቱም አንድ ዓይነት የመሆናቸው ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ሦስት ብንተክል ከ4 አንድ ይሆናል፤ አምስት ብንተክል ከ16 አንድ ነው፤ አሥር ብንተክል ግን ከ512 አንድ ብቻ ይሆናል። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሁለት ኮሶ ተክሎ «ዘር አተረፍሁ» ማለት እንግዲህ ሳንቲም ወርውሮ እንደ መወራረድ ነው። በየስፍራው ተነጣጥለው የቀሩትም ጥቂት ዛፎች እንደዚሁ ናቸው። በአንድ ኮረብታ ላይ የቀሩት ሦስት ዛፎች ሦስቱም ሴቴ ቢሆኑና የነፋሱ መንገድ ከወንዴ ዛፍ ቢያርቃቸው፣ በየዓመቱ ቀይ አበባ እያወጡ አንድም የሚበቅል ዘር ሳይሰጡ ይኖራሉ። ለዓይን አሉ፤ ለዘር ግን የሉም።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገር እናገኛለን። በመጀመሪያ፣ ኮሶ ሲተከል ከአሥር ባላነሰ ቁጥር በአንድ አካባቢ ይተከል፤ ዘሩም ከአንዲት እናት ሳይሆን ከብዙ ዛፎች ይለቀም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቦታ ስንት ኮሶ አለ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ስንቱ ወንዴ፣ ስንቱ ሴቴ፣ ስንትስ ችግኝ አለ ብሎ መቁጠር ይገባል።

ይህ ቆጠራ ታላቅ መሣሪያ አይፈልግም። አበባው በሚወጣበት በበጋው ወራት ከሩቅ የሚታይ የቀለም ልዩነት ስለ ሆነ፣ እርሳስና ደብተር የያዘ ማንኛውም ተማሪ ሊያደርገው ይችላል። ከመካከላችን ከደጋ አገር የመጡ ብዙዎች ናቸው፤ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራቸው የሚሄዱትም በዚሁ ወራት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ሆነ በገደል አፋፍ፣ በአጥር ዳርም ሆነ በደን ውስጥ የሚያገኙትን ኮሶ ቀይ ነው ወይስ ነጣ ያለ ብለው ይጻፉ። ከሥሩም ጎንበስ ብለው ችግኝ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ቀድሞ ኮሶ ይሸጡ የነበሩ እናት በሰፈሩ ካሉ፣ ከእርሳቸው ዘንድ ቁጭ ብለው የመልቀሚያውን ወቅትና የመለያውን ዘዴ ይጠይቁ፤ ያም እውቀት ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር በጽሑፍ ይያዝ።

አንድ ዝርያ ብቻ ያለው ወገን በአደራ የተቀመጠ ነገር ነው። ዋርካ ብናጣ የዋርካ ዘመድ በሌላ አገር ይገኛል። ኮሶን ብናጣ ግን በምትኩ የምናመጣው ሌላ ሀጌኒያ ከየትም አገር አይገኝም።